«በቁጥጥር ሥር የዋለው» ድርጅት፦ የአንድ የፒያሳ የትርጉም ቢሮ ግምገማ

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መጀመሪያ ላይ፣ እኅቴ ከአንድ የውጭ አገር አምራች የመጣላትን የማከፋፈያ ውል ከነአባሪው የገበያ ዘገባ ወደ አማርኛ ለማስተርጎም፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኝ የትርጉም ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ውሉ 14 ገጽ፣ ዘገባው 9 ገጽ ነበር። ዋጋው በገጽ 400 ብር ሆኖ በጠቅላላው 9,200 ብር ሲመጣ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ፤ ሥራው በ5 የሥራ ቀን እንደሚደርስ ተነግሮኝ ደረሰኜን ይዤ ወረድኩ። እኅቴ የልብስ ስፌት መኪናና መለዋወጫ በማስመጣት የምትተዳደር ነጋዴ ስትሆን፣ እኔ ግን ለብዙ ዓመታት በማተሚያ ቤት በአራሚነት ስለ ሠራሁ፣ በቤተሰባችን ዘንድ የቃል ነገር ሁሉ የሚጣለው እኔ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የተጻፈው በአራሚ ዐይን መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው፤ ሌላ ደንበኛ ምናልባት ከደረጃው ብዛት ወይም ከመቀመጫው ማነስ ይጀምር ነበር።

የቢሮውን ስም አልጠቅስም። የመጀመሪያው ረቂቅ ከባድ ስሕተት ነበረበት፤ ሆኖም ሠራተኞቹ ስሕተቱን ሳይከላከሉ ተቀብለው ስላረሙት፣ ስማቸውን ከስሕተቱ ጋር አያይዞ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። የምጠቀምበት መመዘኛ ግን ለየትኛውም የትርጉም ቢሮ ይሠራል። መመዘኛው አንድ ቃል ነው፤ እርሱም አንድ ወገን ሌላውን ሙሉ በሙሉ በእጁ ማስገባቱን የሚገልጸው ቃል ነው። በእንግሊዝኛው ውል ውስጥ «ኮንትሮል» ተብሎ 11 ጊዜ ተጽፏል፤ በገበያው ዘገባ ውስጥ ደግሞ «ዶሚናንት» ከሚለው ዘመዱ ጋር እየተፈራረቀ ይመላለሳል።

ረቂቁ በተባለው ቀን ደረሰ። እኅቴ ሱቋ ውስጥ ቆማ አንድ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ እኔ ከታሰርኩ ውሉ ይፈርሳል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቀብዬ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ «አከፋፋዩ በሦስተኛ ወገን ቁጥጥር ሥር ከዋለ አምራቹ ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጥ ይችላል።» የእንግሊዝኛው ሐሳብ ድርጅቱ ለሌላ ባለሀብት ቢሸጥ ወይም አብዛኛው ድርሻ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ የሚል ነበር። በአማርኛው ግን የወንጀል ዜና ሆኗል፤ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚለውን ሐረግ ከሬዲዮ ዜና ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለምና፣ እኅቴ የተረዳችው ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ የሚረዳውን ነው። እያንዳንዱ ቃል በየራሱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሦስቱ ቃላት ሲገናኙ ፖሊስ ጠሩ።

ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ቁጥጥር የሚለውን ቃል ትንሽ መፈታታት ያስፈልጋል። ቃሉ የወጣው ቆጠረ ከሚለው ግስ ነው። ተቆጣጠረ ማለት በመሠረቱ እየደጋገመ ቆጠረ፣ የሌላውን ቆጠራ ተመልክቶ አመሳከረ እንደ ማለት ነው። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ትኬት የያዘውንና ያልያዘውን ይለያል እንጂ አውቶቡሱን አይነዳም። የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛም ከመስመር የሚወጣውን ዕቃ ይመረምራል እንጂ ፋብሪካው የእርሱ አይደለም። እንደዚህ ሲታይ ቃሉ የጌታ ሳይሆን የሒሳብ ሹም ቃል ነው። የሚገርመው ግን የእንግሊዝኛው «ኮንትሮል» የተወለደውም ከዚያው ከሒሳብ ክፍል መሆኑ ነው፤ ምንጩ በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ኮንትራ ሮቱሉስ» ይባል የነበረው፣ የመጀመሪያውን መዝገብ ለማመሳከር በትይዩ የሚያዝ ሁለተኛ ጥቅል መዝገብ ነው። ሁለቱም ቃላት ከቆጠራ ተነሥተው ወደ ሥልጣን አቅንተዋል። የእንግሊዝኛው ግን ሄዶ ሄዶ ከባለቤትነት ደጃፍ ሲደርስ፣ የአማርኛው ጉዞውን ሲከፋፍለው አንዱ ወገን ምርመራ ላይ ቀርቷል፣ ሌላው ወገን ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ራስን መቆጣጠር፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ተሽከርካሪ ስንል መካከለኛውን መንገድ እናገኛለን፤ በእነዚህ ውስጥ ልጓም የመያዝ ስሜት አለ። ድርጅትን ድርሻ ገዝቶ በእጅ ማስገባት ግን በዚህ ቃል ብቻ አይነገርም።

ወደ ቢሮው ስመለስ ረቂቁን የሠራችው አንዲት ወጣት ሠልጣኝ መሆኗን አወቅሁ። እርሷም ሳትሸሽግ፣ ጽሑፉን በመጀመሪያ በኮምፒውተር ተርጓሚ አሳልፋ ከዚያ በኋላ ዐረፍተ ነገሮቹን እንዳስተካከለች ነገረችኝ። ቅን መሆኗን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ገንዘብ የተቀበለ ቢሮ በሠልጣኝ የተሠራን ሥራ ነባር ሰው ሳያየው ለደንበኛ ማስረከብ አልነበረበትም፤ ይህንንም ለኃላፊዋ በግልጽ ተናግሬአለሁ። (ሠልጣኝ የሚለው ቃል ራሱ ከጉዳያችን የራቀ አይደለም። በግእዝ ሠለጠነ ማለት ገዛ፣ ኃይል አገኘ፣ የበላይ ሆነ ማለት ሲሆን፣ ሥልጣን የሚለው ስም የዐረብኛው «ሱልጣን» ዘመድ ነው። ዛሬ ከዚያው ግስ ባለሥልጣኑም ሠልጣኙም፣ ሥልጡኑም ይወጣሉ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለውና ከሁሉ በታች ያለው ሰው በአንድ ሥር መጠራታቸው ምን ጊዜም ያስቀኛል።)

ኃላፊዋ ይቅርታ ጠይቃ ሰነዱን በቢሮው ሁሉም «ጋሼ» ለሚሏቸው ነባር ተርጓሚ አስተላለፈችው። ቢሮውን ከሌሎች የለየው ነገር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ «እርስዎ ይህን ውል የሚያስተረጉሙት ለማን ነው? እኅትዎ አንብበው እንዲገባቸው ነው ወይስ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንዲቆም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለሁለቱም ነው አልኩ። «እንግዲያው ሁለት ሥራ ነው» አሉኝ። በሌሎች የትርጉም ቢሮዎች ካስተረጎምኳቸው ሰነዶች ሁሉ፣ ከሥራው በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም፤ የሚጠየቀው ሁልጊዜ መቼ እንደሚፈለግና ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው።

ለቁጥጥር ቃል ምትክ ለማግኘት ጋሼ የሄዱበት መንገድ ቀላል ቢመስልም ብልኅነት አለበት። ስም በስም አልተኩም። ማን፣ በማን ላይ፣ በምን መንገድ ብለው ዘረዘሩት። የታረመው አንቀጽ የሚለው፣ «የአከፋፋዩን ድርጅት ዋና ዋና ውሳኔዎች የመወሰን ሥልጣን፣ በድርሻ ግዥም ሆነ በሌላ ማናቸውም መንገድ፣ ወደ ሦስተኛ ወገን የተላለፈ እንደሆነ» ነው። ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ እኅቴ ግን አንድ ጊዜ አንብባ፣ «አሃ፣ ድርሻዬን ከሸጥኩ ማለት ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ የትርጉም ፈተና አላውቅም።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ግዥ የሚለው ቃል መግባቱን ሳይ ደስ ያለኝ በሌላ ምክንያትም ጭምር ነው። አማርኛ መሸመትንና መንገሥን በአንድ ግስ የሚናገር ቋንቋ ነው፤ ዳቦም ይገዛል፣ አገርም ይገዛል። አገረ ገዥና ዕቃ ገዢ የሚለዩት በጽሑፍ ልማድ እንጂ በሥር አይደለም። በግእዝ ገዝአ ማለት ጌታ ሆነ፣ የራሱ አደረገ ማለት ሲሆን፣ እግዚእ የሚለውም ስም ከዚያው ወገን ነው። የላቲኑ «ዶሚኑስ» ደግሞ ቤት ከሚለው «ዶሙስ» የወጣ፣ የቤት ጌታ ማለት ነውና፣ «ዶሚናንት» የሚለውን ቃል ከነሥሩ ለመተርጎም ለሚሻ ሰው እኛ ዘንድ ባለቤት የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ባለቤት በእኛ ቋንቋ የንብረት ጌታም፣ የትዳር አጋርም፣ በሰዋስው ደግሞ ግሱን የሚመራው ስም ነው። ይህን ለጋሼ ባነሣላቸው ሣቁና፣ «ያምራል፤ ግን በውል ውስጥ ውበት አይከራከርልዎትም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው ክርክራችን በዚሁ ተጀመረ። የገበያው ዘገባ አንድ ተፎካካሪ አስመጪ በስፌት መኪና ገበያው ላይ ከመጠን ያለፈ ቁጥጥር እንዳለው ይገልጻል፤ ሠልጣኟ ይህንን «አጥለቅላቂ ቁጥጥር» ብላው ነበር። አጥለቅላቂ የሚለው ጎርፍን እንጂ ነጋዴን አይገልጽም። ጋሼ በመጀመሪያ ያቀረቡት «የበላይነት» የሚለውን ነው፤ ምክንያታቸውም ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል እርሱ ስለ ሆነ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። የበላይነት የሚለካውም ነጋዴው ዋጋን ወይም ሌሎች የንግድ ድርድር ሁኔታዎችን በእጁ ለማድረግ ወይም ውድድርን ለማጥፋት ባለው ትክክለኛ ዐቅም ነው። ከዚህ የምንረዳው በሕጉ ዐይን የበላይ መሆን በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ነው፤ ጥፋቱ ያለው አላግባብ በመጠቀሙ ላይ ነው። ቃሉም ይህንን ልዩነት ይሸከማል። የበላይነት ሰው የቆመበትን ቦታ እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይናገርም፤ ከላይ ያለ ሰው ሊጠብቅም ሊረግጥም ይችላል። ስለዚህም ነው ይኸው ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 «የሕገ መንግሥት የበላይነት» ተብሎ የተከበረ፣ በዕለት ተዕለት ንግግራችን «የሕግ የበላይነት ይከበር» ስንል የምንመኘው፣ «የወንድ የበላይነት» ስንል ደግሞ የምንወቅሰው። የሥሩ ዘመዶችም እንዲሁ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ላይ የሚለው ቃል ከግእዙ ላዕለ ጋር፣ በእርሱም በኩል ከልዑል፣ ከልዕልናና በአንቀጽ 8 ከተጻፈው የሕዝብ ሉዓላዊነት ጋር ይዛመዳል።

እኔ ግን ለዘገባው የበላይነት አልበቃኝም። ዘገባው የተጻፈው ለዳኛ ሳይሆን ለነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ለነጋዴ ስለዚያ ተፎካካሪ ሲያወራ «የበላይነት አለው» አይልም። ጭቆና የሚለውን ሞከርን፤ ወዲያው ከ1966ቱ አብዮት ጋር የመጡት ጨቋኝና ተጨቋኝ የሚሉት ቃላት ተከትለው ስለ ገቡ ተውነው። ጫና ቀለለ። ብልጫ የኳስ ሜዳ ቃል ነው፤ «ሙሉ የጨዋታ ብልጫ ወስዶ ተሸነፈ» ሲባል በየሳምንቱ እንሰማለን፤ ብልጫ ማነጻጸሪያ እንጂ መያዣ አይደለም። ነገሠና ሰፈነ ደግሞ ለፍርሃት፣ ለዝምታና ለሰላም የተገቡ ናቸው። በመጨረሻ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መርካቶ ምን ይላሉ?» አሉኝ። እንደ ተነጋገርን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልነው፦ ጠቅልሎ ያዘው።

ይህ ቃል በእውነት የሚገባውን ያህል አልተወደሰም። ጠቀለለ ማለት ጨርቁን፣ ምንጣፉን፣ እንጀራውን ዙሪያውን ሰብስቦ አንድ አደረገ ማለት ነው፤ የተጠቀለለ ነገር ዳር የለውም፤ ሌላ ሰው ጫፉን ይዞ ሊጎትተው አይችልም። ገበያውን ጠቅልሎ ያዘ ሲባል ብዙ ድርሻ አለው ከማለት ያለፈ ነገር ይነገራል፤ ለሌላው የሚተርፍ ጫፍ አልቀረም ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው ጠቅላይ የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ በጎ ስም ነበረው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጠቅላይ ቤተ ክህነት እንላለን፤ ከክፍለ ሀገር በፊት አገሪቱ የተከፈለችውም በጠቅላይ ግዛት ነበር። በቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ግን «ጠቅላይ አስተሳሰብ» እና «ጠቅላይ ሥርዓት» የሚሉት ሐረጎች ሁሉን በአንድ ቀለም መዋጥን ለመንቀፍ ስለሚውሉ፣ ቃሉ እንደ የበላይነት ሁለት ፊት ማውጣት ጀምሯል። የእንግሊዝኛው ቃል ከጥቅል መዝገብ መወለዱን ከላይ ጠቅሻለሁ፤ በፒያሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዞሮ ዞሮ ወደ ጥቅል መመለሱ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ለጋሼ ስነግራቸው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ስምምነታችንም ይህ ሆነ፤ በውሉ ውስጥ ሕጉ የሚያውቀው «የገበያ የበላይነት» እንዲቆይ፣ በዘገባው ውስጥ ግን «ገበያውን ጠቅልሎ ይዟል» እንዲባል። አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት ቦታ በሁለት ቃል መተርጎም ለአንዳንድ ቢሮ እንደ ጉድለት ይታያል። እኔም በአራሚነቴ ዘመን ወጥነት ካልተጠበቀ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርኩ። እዚህ ላይ ግን ወጥነት ውሸት ይሆን ነበር፤ ሁለቱ ጽሑፎች የሚናገሩት ለተለያየ ጆሮ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የቁጥጥር ቃል በሌለበት ቦታ ተገኘ፤ ያገኙትም ጋሼ እንጂ እኔ አይደለሁም። በውሉ 7ኛ አንቀጽ እንግሊዝኛው አከፋፋዩ የመሸጫ ዋጋ ከመለወጡ በፊት አምራቹን እንዲያማክር የሚያስገድድ ነው፤ «ሻል» የምትለው አጭር ግስ ናት የምታስገድደው። ረቂቁ ይህንን «ማማከር ይችላል» ብሎ ተርጉሞታል። እኅቴ በአማርኛው ብትተማመን ኖሮ፣ ዋጋዋን እንደ ፈለገች ስትለውጥ ቆይታ አንድ ቀን ውል አፍራሽ ተብላ ትገኝ ነበር። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ቁጥጥር የለም፣ የበላይነት የለም፣ ሥልጣን የሚል ቃልም የለም፤ ዋጋን የሚያህል ነገር ግን ተላልፎ ተሰጥቷል።

ስለ ትርጉም ጽፎ ውጫሌን ሳያነሣ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የለምና እኔም አላልፍም፤ ቢሮው ያለበት ሰፈር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተሠራበት ቦታ በእግር የሚደረስበት በመሆኑ ለመርሳትም አይመችም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» በሚለው የአማርኛ ቃልና ኢጣልያ ግዴታ ነው ብላ በተረጎመችው የራሷ ቅጂ መካከል የተፈጠረውን ጠብ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሞግዚትነት ወይም ጥገኝነት የሚል ቃል በሁለቱም ቅጂዎች አንቀጽ ውስጥ አለመኖሩ ነው። አንድን አገር በሞግዚትነት ለመያዝ የተሞከረው ሞግዚት የሚለውን ቃል ሳይጽፉ፣ በአንድ ግስ መጨረሻ ነበር። ጋሼ ይህን ያነሡት ለወቀሳ ሳይሆን ሠልጣኟን ለማስተማር ነበር፤ አጠገባቸው አስቀምጠው በሰነዱ ውስጥ ያለውን «ሻል» ሁሉ በቢጫ እንድታቀልም አደረጓት። 38 ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ በ«ይችላል» ተተርጉመው ተገኙ።

እዚህ ላይ ለእኅቴ የተናገርኩትን ለአንባቢም ልድገመው፤ ሁለት ቅጂ ያለው ውል የሚፈርም ሰው የትኛው ቅጂ እንደሚጸና በውሉ ውስጥ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። አገራችን ለራሷ ይህንን ጽፋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ ዕውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በእኅቴ ውል ውስጥ ግን የሚጸናው እንግሊዝኛው እንደሆነ በ22ኛው አንቀጽ ተጽፎ ነበር፤ ስለዚህ የአማርኛው ጥራት የእርሷ ብቸኛ ዐይን ነው። ቢሮው ይህንን ነጥብ በራሱ ተነሣሽነት በአንድ ገጽ ማስታወሻ ላይ አስፍሮ ከትርጉሙ ጋር አያይዞ ሰጠን። በዚያው ማስታወሻ ላይ የመረጣቸውን 9 ዋና ዋና ቃላትና የመረጠበትን ምክንያት ዘርዝሯል። ለማስታወሻው ገንዘብ አልጠየቁም። ሌሎች ቢሮዎች ይህንን ልማድ ቢወርሱ ደንበኛው ብዙ ይጠቀማል።

የቀረውን ባጭሩ እናገራለሁ። 5 ቀን የተባለው ሥራ ከእርማቱ ጋር 11 ቀን ፈጅቷል፤ ለመዘግየቱ የዋጋ ቅናሽ አልተደረገም፤ መደረግ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በታተመው ቅጂ ላይ ሥልጣን በአንድ ገጽ በንጉሡ ሠ፣ በሚቀጥለው ገጽ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ይገኛል፤ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ባይሆንም ለዐይን ይጎረብጣል፤ የትርጉም ቢሮ ደግሞ የራሱ የፊደል ደንብ ሊኖረው ይገባል። በኢሜይል የተላከው ቅጂ የወረቀቱ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ቃል መፈለግም ሆነ መቅዳት አይቻልም፤ ጽሑፉን ስጠይቅ «ለጥንቃቄ አንሰጥም» ተባልኩ፤ ጥንቃቄው ለማን እንደሆነ አልገባኝም። የመጠበቂያው ክፍል ሁለት ወንበር ብቻ ሲኖሩት፣ ምድር ቤት ያለው ኮፒ ቤት ግን ፈጣንና ትሑት ነው። ማኅተሙ በየገጹ በትክክል ተመቷል።

በዋጋ ከሌሎቹ ቢሮዎች ርካሽ አይደለም። ሆኖም የገንዘቡ ግማሽ ለጋሼ ጥያቄ የተከፈለ ነው ብዬ ስለማስብ አላማርርም። ሥራዎን እርሳቸው እንዲያዩት ከፈለጉ ግን ሲያስረክቡ መናገር ይኖርብዎታል፤ ካልተናገሩ ሰነድዎ ወደ ሠልጣኞች ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ይህም የቢሮው ትልቁ ጉድለት ነው። ሠልጣኟ በበኩሏ፣ ትርጉሙን ስረከብ ከራሷ አንደበት፣ «ቁጥጥር የሚል ቃል ሳይ አሁን መጀመሪያ ወንጀል ነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ» አለችኝ።

አምራቹ ባለፈው ሳምንት የውሉን ማሻሻያ ልኳል፤ 3 ገጽ ነው። እኅቴ ሌላ ቦታ ልሞክር ብላ ስታመነታ ቆይታ፣ በመጨረሻ ወደዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላከችኝ። የሥራ ማዘዣ ቅጹ ላይ ከታች «ልዩ ማሳሰቢያ» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ በመጀመሪያው ቀን ሳልሞላው ያለፍኩት ነው። በዚህኛው ጊዜ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «ሻል የሚለው ሁሉ በጋሼ እጅ ይለፍ።»